«አባቱ ያልታወቀ»፦ በጣሊያን ቅኝ ግዛት ዘመን በኤርትራ የተመዘገቡ የዘር ሐረጎችና የኢስላም የነሰብ ሕግ



መግቢያ

ነሰብን ወይም የዘር ሐረግን መጠበቅ ሸሪዓ ከቆመላቸው ዐበይት ዓላማዎች በአንዱ ሥር የሚመደብ ጉዳይ ነው። ሚራስ የሚከፋፈለው፣ መህረም የሆነው ካልሆነው የሚለየው፣ የኒካሕ ወሊይ የሚታወቀው፣ የቀለብ ግዴታ የሚጸናው በነሰብ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የአያቴ አባት ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ስለ ጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰዎች መብትና ክብርም ከመልሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ጥያቄ የዘር ሐረጋቸው በጣሊያን ዘመን ኤርትራ ውስጥ ለሚያልፍ ቤተሰቦች በተለይ ይከብዳል። ልጆችና የልጅ ልጆች በአዲስ አበባ፣ በጅዳ ወይም በአውሮፓ ከተሞች ሆነው የአያቶቻቸውን ወረቀት ሲያሰባስቡ ከሦስት ነገሮች አንዱ ያጋጥማቸዋል፦ አባት በሚጻፍበት ቦታ «ያልታወቀ» የሚል ቃል፣ ሽማግሌዎች ከሚናገሩት ጋር የማይገጥም የአባት ስም፣ ወይም አንድ ሰው በሁለት ስምና በሁለት ሃይማኖት ተመዝግቦ መገኘት። ከዚያም ወደ ኢማሙ ወይም ወደ መድረሳው መምህር መጥተው ፍርድ ይጠይቃሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ሦስት ጥያቄዎች ተለያይተው መታየት አለባቸው የሚል ነው። የመጀመሪያው የታሪክ ጥያቄ ነው፦ በእርግጥ የሆነው ምንድን ነው? ሁለተኛው የፊቅህ ጥያቄ ነው፦ ሸሪዓ ልጁን ለማን ያስጠጋዋል? ሦስተኛው የመዝገብ ጥያቄ ነው፦ መንግሥት በወረቀት ላይ ማንን ጻፈ? የቅኝ ግዛት ሕግ ሦስተኛውን ጥያቄ በራሱ ፍላጎት ከመለሰ በኋላ የቀሩትንም ሁለት የመለሰ አስመስሎ ትቶልናል። ይህንን መለየት ያልቻለ ሰው ንጹሕን ሴት ሊያማ፣ ወራሽን ሊነቅል፣ የተፈቀደውንም ሊከለክል ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መዝገቡን የጻፈው ሕግ

ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው በ1885 ሲሆን ኤርትራ የተባለውን ቅኝ ግዛት ያወጀችው ጃንዋሪ 1 ቀን 1890 ነው። ከመጀመሪያው አንሥቶ ወደዚያ የመጡት ጣሊያናውያን በብዛት ያለ ቤተሰብ የመጡ ወታደሮች፣ ሹማምንትና ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎቹም ከአገሬው ሴቶች ጋር ለተወሰነ ጊዜ እንደ ባልና ሚስት ኖሩ። ይህን ዓይነት አብሮ መኖር ጣሊያኖቹ «ማዳማቶ» ሲሉት ሴቲቱን «ማዳማ» ይሏት ነበር።

በደጋው ሕዝብ ልማድ «የደሞዝ ጋብቻ» የሚባል፣ በውልና በክፍያ የሚፈጸም ጋብቻ ነበር። ጣሊያናውያኑ የማዳማቶን ነገር ከዚህ ልማድ ጋር ያመሳስሉት ነበር፤ ይሁን እንጂ ትልቅ ልዩነት አለው። በደሞዝ ጋብቻ የተወለደ ልጅ በአገሩ ልማድ የአባቱ ልጅ ነው፤ አባትየው ሊያሳድገው ይገደዳል፣ ልጁም ይወርሰዋል። ጣሊያናውያኑ ከልማዱ ለራሳቸው የሚመቸውን ወሰዱ፤ ግዴታውን ግን ብዙዎቹ ተዉት።

ግዴታውን ለመተው ያስቻላቸው የአገራቸው ሕግ ነበር። የ1865ቱ የጣሊያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠለፋና አስገድዶ መድፈር ካልተፈጸመ በስተቀር አባትን በፍርድ ቤት ማፈላለግን ከልክሏል። የሐሳቡ ምንጭ የ1804ቱ የናፖሊዮን ሕግ ነው። በዚህ ሥርዓት ከሕጋዊ ጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አባት የሚኖረው አባትየው በፈቃዱ «ልጄ ነው» ብሎ ሲያስመዘግበው ብቻ ነው። በ1912 በወጣው የዜግነት ሕግ ደግሞ ዜግነት የሚተላለፈው በአባት በኩል ነበር። ስለዚህ አባቱ ያስመዘገበው ልጅ ጣሊያናዊ ዜጋ ይሆናል፤ አባቱ ዝም ያለው ልጅ፣ ጎረቤት ሁሉ አባቱን ቢያውቀው እንኳ፣ የቅኝ ግዛት ተገዥ ሆኖ «አባቱ ያልታወቀ» ተብሎ ይቀራል። አንዳንዶቹ ልጆች በአስመራና በከረን ወደነበሩት የካቶሊክ ሚሲዮን ማሳደጊያዎች ገብተው ተጠምቀው አደጉ። በጣሊያን የምዝገባ ደንብ ወላጆቹ ያልታወቁ ሕፃን ስምም ሆነ የቤተሰብ ስም የሚያወጣለት መዝጋቢው ሹም በመሆኑ፣ በወረቀት ላይ የምናገኘው የጣሊያን ስም ሁልጊዜ የአባት ስም ነው ማለት አይደለም።

በጁላይ 1933 የወጣው የኤርትራና የሶማሊያ ቅኝ ግዛቶች መሠረታዊ ሕግ (ቁጥር 999) ወላጆቹ ያልታወቁ ሰው የአካሉ መልክና ሌሎች ምልክቶች ከወላጆቹ አንዱ ነጭ መሆኑን የሚያሳምኑ ከሆነ፣ ትምህርቱና አኗኗሩም ተመርምሮ፣ ለአካለ መጠን ሲደርስ ዜግነት እንዲጠይቅ ፈቀደ። በሌላ አነጋገር የአባትየው ማንነት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የአባትየው ዘር ብቻ ነው። ኢትዮጵያ በተወረረችበት በ1936 የወጣው የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ሕግ ይህን በር ዘጋው። ኤፕሪል 19 ቀን 1937 የወጣው ድንጋጌ (ቁጥር 880) ጣሊያናዊ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር ቢገኝ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። በመጨረሻም ሜይ 13 ቀን 1940 የወጣው ሕግ (ቁጥር 822) ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ በልጅነት እንዳያስመዘግብ ከለከለ፤ ልጁ የአባቱን የቤተሰብ ስም እንዳይዝ አደረገ፤ የማሳደጊያውንም ወጪ ሙሉ በሙሉ በአገሬው ወላጅ ላይ ጣለ። ይህ ሕግ የተሻረው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ከዚህ ለኢማሙም ለታሪክ አጥኚውም የሚጠቅም አንድ መሠረታዊ ደንብ እናገኛለን። ከ1940 በፊት በተጻፈ መዝገብ ላይ «አባቱ ያልታወቀ» የሚለው ቃል በአብዛኛው «አባትየው ሊያስመዘግበው አልፈለገም» ማለት ነው። ከ1940ው ሕግ በኋላ ደግሞ «ቢፈልግም ተከልክሏል» ማለት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ዘመን ቃሉ ስለ ሕጉ የሚናገረውን ያህል ስለ እናቲቱ አይናገርም። «ያልታወቀ» የሚለውን አንብቦ «እንግዲያው የዚና ልጅ ነው» ብሎ መደምደም የቅኝ ገዥውን የምዝገባ ደንብ የሸሪዓ ብይን ማድረግ ነው።

2. የአገሬው ስም አጠራርና ያስከተለው መደናገር

መደናገሩ ከጣሊያን መዝገብ ብቻ አልመጣም። በኤርትራም ሆነ በኢትዮጵያ የሰው ስም የሚጻፈው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ቅደም ተከተል ነው። አባት ዝም ሲል ወይም ሲጠፋ ልጁ ያለ ስም አይቀርም፤ የእናቱ አባት፣ የእናቱ ወንድም ወይም ያሳደገው የእንጀራ አባት ስም ይሰጠዋል። ይህ ከርኅራኄ የመነጨ ነው፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ ግን በወረቀት ላይ ያለው «አባት» በእርግጥ አያት ወይም አጎት መሆኑ ይረሳል።

ጉዳቱን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሰው አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድም ትቶ ሞተ እንበል። ሴት ልጁ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ይህም ሕፃን አባቱ ስላልተገኘ በአያቱ ስም ተመዝግቧል። ትክክለኛው የፈራኢድ ስሌት ለሴት ልጅየው ግማሽ፣ ለወንድምየው በዐሰባነት ቀሪውን ግማሽ ይሰጣል፤ የሴት ልጅ ልጅ ከዘዊል አርሓም ስለሆነ ከእነርሱ ጋር አይወርስም። መዝገቡ እንዳለ ከተወሰደ ግን ሕፃኑ «ወንድ ልጅ» ይሆንና ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል፤ እናቱ «እህት» ሆና አንድ ሦስተኛ ታገኛለች፤ ወንድምየውም ፈጽሞ ይነቀላል። በኒካሕም እንዲሁ ነው። የእናቱ ወንድም ልጅ ለዚህ ሰው የምትፈቀድ የአጎት ልጅ ናት፤ በወረቀቱ ከሄድን ግን «የወንድሙ ልጅ» ሆና ትከለከላለች። አንድ የስም ስሕተት ሐቁን ከባለቤቱ ያስወስዳል፤ ሐላሉንም ሐራም ያደርጋል።

በሙስሊም ፍርድ ቤቶች መዛግብትም ሊታወቅ የሚገባ ልማድ አለ። በብዙ የሙስሊም አገሮች፣ በተለይም በዑስማኒያ ሥርዓት ሥር በነበሩት፣ ነፃ የወጣ ባሪያ ወይም አዲስ ሰለምቴ የአባቱ ስም ሳይታወቅ ሲቀር «የዐብደላህ ልጅ» እየተባለ ይጻፍ ነበር፤ ሰው ሁሉ የአላህ ባሪያ ነውና። እንደ ምጽዋ ባለ የባሕር በር፣ ከባርነት የወጡ ሰዎች በብዛት በኖሩበት፣ በሐረግ ጫፍ ላይ የምናገኘው «ዐብደላህ» በእርግጥ የነበረ ሰው መሆን አለመሆኑ መጣራት አለበት። ጌታዋ ልጁን የተቀበለላት ባሪያ ኡሙ ወለድ ትሆናለች፤ ልጇም ነፃና ሙሉ ወራሽ ነው። ስለዚህ የእናቲቱ ባርነት የልጁን ነሰብ አይነካውም።

የምጽዋ የሸሪዓ ፍርድ ቤት መዛግብት ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ናቸው። ከጣሊያን መምጣት በፊት የሚጀምሩት እነዚህ መዛግብት ውርስን፣ ጋብቻን፣ ሽያጭንና ወቅፍን የያዙ ሲሆን፣ ጆናታን ሚራን በ2009 ስለ ምጽዋ ኅብረተሰብ ባሳተሙት መጽሐፍ የቤተሰቦችን ትስስር ለመከተል ተጠቅመውባቸዋል። አንድ ሰው በጣሊያን ወረቀት «አባቱ ያልታወቀ» ሆኖ በቃዲ መዝገብ ግን ድርሻውን ሲወስድ ከተገኘ፣ የቃዲው መዝገብ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ ምክንያቱም የተጻፈው በወራሾች ፊት፣ ሊቃወሙ በሚችሉበት ቦታ ነው።

3. ሸሪዓ ነሰብን የሚያጸናባቸው መንገዶች

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አሕዛብ ቁጥር 5 ልጆች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ አዟል፤ አባቶቻቸው የማይታወቁ ከሆነም የሃይማኖት ወንድሞች መሆናቸውን ነግሮናል። በዚህ አንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ ነሰብን አለማጭበርበር፣ ነሰቡ የጠፋበትንም ሰው አለማግለል።

ዑለማኦች ነሰብ የሚጸናባቸውን መንገዶች እንዲህ ዘርዝረዋል። ዋናው ፊራሽ ነው፤ ይኸውም በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ የባልየው ነው። ሁለተኛው ኢቅራር ነው፦ አባቱ ያልታወቀን ሰው አንድ ወንድ «ልጄ ነው» ብሎ ሲቀበለው፣ በመካከላቸው ያለው ዕድሜ የሚያስኬድ ከሆነ፣ ሌላ ተከራካሪ ከሌለ፣ ራሱን የሚያውቅ ከሆነም ተጠሪው ካልካደ ነሰቡ ይጸናል፤ ከጸና በኋላም መልሶ መካድ አይቻልም። ሦስተኛው በይዪና ማለትም ምስክር ነው። በነሰብ ጉዳይ ኢስቲፋዳ፣ ማለትም በሕዝብ መካከል ጸንቶ የተሠራጨ ወሬ፣ ለምስክርነት በቂ መሆኑን አራቱም መዝሀቦች ተቀብለዋል፤ የአያትን ልደት በዓይኑ አይቶ የሚመሰክር ሰው አይገኝምና። አራተኛው ቂያፋ ማለትም በመልክ መመሳሰል የሚሰጥ ምስክርነት ነው፤ ማሊክ፣ ሻፊዒይና አሕመድ ሲቀበሉት አቡ ሐኒፋ አልተቀበሉትም።

የፊራሽ ደንብ መሠረቱ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የዘምዓ ቤት ክርክር ነው። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ከዘምዓ ባሪያ የተወለደውን ልጅ የሟች ወንድማቸው የዑትባ ነው ብለው ጠየቁ፤ ዐብድ ኢብን ዘምዓ ደግሞ በአባቴ ፊራሽ የተወለደ ወንድሜ ነው አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጁ ዑትባን በግልጽ እንደሚመስል አዩ፤ ሆኖም ለፊራሹ ባለቤት ፈረዱ። ከዚያም የዘምዓ ልጅ የሆኑትን ባለቤታቸውን ሰውዳን (ረ.ዐ.) ከእርሱ እንዲሸፈኑ አዘዙ።

ይህ ሐዲስ ለርዕሳችን ቁልፍ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መመሳሰሉን አልካዱትም፤ ነገር ግን ብይኑን እንዲለውጥ አልፈቀዱለትም። በሚራስና በስም ልጁ የዘምዓ ሆነ፤ በጥንቃቄ በኩል ግን ጥርጣሬው ቦታ ተሰጠው። እንግዲህ የታሪክ ግምትና የሸሪዓ ብይን ሳይጠፋፉ ጎን ለጎን ሊቆሙ እንደሚችሉ ከነቢዩ ፍርድ እንማራለን።

ኒካሕ በሌለበትና አባትየው በሚታወቅበት ጊዜስ? የብዙኃኑ ዑለማእ አቋም የዚና ልጅ ለአባትየው አይጠጋም፤ ነሰቡና ሚራሱ በእናቱ በኩል ብቻ ነው የሚል ነው። ሐሰን አል‑በስሪ፣ ዑርዋ፣ ሱለይማን ኢብን የሳርና ኢስሐቅ ኢብን ራህወይህ ግን፣ ኋላም ኢብን ተይሚያና ኢብኑል ቀዪም፣ እናቲቱ የሌላ ሰው ፊራሽ ካልሆነችና አባትየው ልጁን ከተቀበለ ወደ እርሱ ይጠጋል ብለዋል። ሙስሊም ሴት ከክርስቲያን ወንድ ጋር ያደረገችው ጋብቻ በሸሪዓ ከንቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ጋብቻው ትክክል መስሏቸው በሹብሃ የተፈጸመ ከሆነ ብዙ ፉቀሃኦች ነሰቡን ያጸናሉ፤ ሹብሃ ቅጣትን ያስቀራል፣ ለልጅም ይደላልና። በሙስሊምና ሙስሊም ባልሆነ መካከል ግን ውርስ የለም። ስለዚህ በኤርትራ ጉዳይ ጣሊያናዊውን አባት ማወቅ ለሙስሊም ዘሩ የሚያስገኘው የሸሪዓ ፋይዳ ሀብት ሳይሆን፣ የመህረምነትን ድንበር ማወቅና ሐሰተኛ የአባት ስም ከመሸከም መዳን ነው።

4. መልክና ቀለም፦ ቂያፋ የዘር ምርመራ አይደለም

የ1933ቱን ሕግ የሚያነብ ሰው «እኛም ቂያፋ አለን፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ሊል ይችላል። መልሱ በሁለት የታወቁ ሐዲሶች ውስጥ አለ።

በመጀመሪያው፣ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ሙጀዚዝ አል‑ሙድሊጂይ የተባለ የቂያፋ ዐዋቂ ዘይድ ኢብን ሓሪሳና ልጁ ኡሳማ (ረ.ዐ.) ተሸፋፍነው ተኝተው እግራቸውን ብቻ አይቶ፣ እነዚህ እግሮች አንዱ ከሌላው የተገኙ ናቸው አለ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እጅግ ተደሰቱ። ዘይድ ነጭ፣ ኡሳማ ጥቁር ስለነበሩ ሰዎች በነሰባቸው ያሙ ነበር። የኡሳማ እናት ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ.) ናቸው። የቂያፋው ምስክርነት እዚህ ያደረገው ቀለምን ምክንያት ያደረገ ሐሜትን ዝም ማሰኘት ነው።

በሁለተኛው፣ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ አንድ የበኑ ፈዛራ ሰው ሚስቱ ጥቁር ልጅ መውለዷን አንሥቶ ልጁን ሊክድ እንደሚያስብ በሽሙጥ ተናገረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠየቁት፤ ከቀያዮቹ መካከል አመድማ መኖሩን ሲናገር ከየት እንደመጣ ጠየቁት፤ ከቀድሞ ዘር የተሳበ ሊሆን እንደሚችል ራሱ ተናገረ። የልጁም ነገር እንዲሁ ነው ብለው ልጁን እንዲክድ አልፈቀዱለትም።

የቅኝ ገዥው ምርመራ ፊትን አይቶ የሚፈልገው አባትን አልነበረም፤ ዘርን ነበር። አባትየው ቢታወቅም ባይታወቅም ግድ የለውም። ኢስላም ያወቀው ቂያፋ ግን አንድን ልጅ ከአንድ የታወቀ አባት ጋር ለማገናኘት ብቻ የሚያገለግል፣ ከፊራሽም በታች የሚቆም ማስረጃ ነው። ስለዚህ «ቀይ ነው፣ ፀጉሩ ሉጫ ነው፣ የጣሊያን ዘር ሳይሆን አይቀርም» የሚለው የመንደር ንግግር በሸሪዓ ሚዛን ክብደት የለውም።

5. ባሏ የዘመተባት ሴት

ከ1912 ጀምሮ የኤርትራ አስካሪ ሻለቆች ወደ ሊቢያ ተልከው ለረጅም ጊዜ ተዋግተዋል፤ በ1935–36 ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ በተከፈተው ጦርነት እጅግ ብዙዎች ተሰልፈዋል። ባል ትሪፖሊ ሳለ በከረን ወይም በአቆርዳት ልጅ ተወለደ የሚል ትረካ በዘር ሐረግ ጥናት ደጋግሞ ይሰማል። ይህ ከ«ያልታወቀ አባት» ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ፊራሽ አለና።

የእርግዝና ትንሹ ዕድሜ ስድስት ወር መሆኑን ዑለማኦች ከሱረቱል አሕቃፍ ቁጥር 15 እና ከሱረቱል በቀራ ቁጥር 233 አውጥተዋል፤ ከ30 ወር የጡት ዘመን የሆነው 24 ሲቀነስ 6 ይቀራል። በትልቁ ዕድሜ ግን ተለያይተዋል፦ ሐነፊዮች ሁለት ዓመት፣ ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች አራት ዓመት ሲሉ፣ በማሊኪዮች ዘንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያደርሱ አሉ። በሰሜን አፍሪካ ማሊኪያዊ አገሮች በማሕፀን ውስጥ «ስለተኛ» ልጅ የሚነገረው እምነት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሐነፊዮች በተጨማሪ ለፊራሽ የኒካሑ መኖር ብቻ ይበቃል ሲሉ፣ ሌሎቹ ባልና ሚስት ሊገናኙ የሚችሉ መሆናቸውን ይጠይቃሉ።

ዛሬ ሕክምና እነዚህን ረጅም ጊዜያት አይቀበልም፤ የሙስሊም አገሮች ሕጎችም አጥብበዋቸዋል። ለምሳሌ በ1929 የወጣው የግብፅ ሕግ ቁጥር 25 ባል ከራቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ለተወለደ ልጅ የነሰብ ክስ እንዳይሰማ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ያለፈውን ጉዳይ በዛሬው ልክ እንደ አዲስ መቁረጥ አይገባም። ቀደምት ፉቀሃኦች ጊዜውን ያሰፉት የሴትን ክብርና የሕፃንን ነሰብ ከጥርጣሬ ለማትረፍም ጭምር ነው፤ ቃዲ በኢጅቲሃዱ የበየነውም በሌላ ኢጅቲሃድ አይፈርስም። ከዚህም በላይ በፊራሽ የጸና ልጅ የሚካደው በሊዓን ብቻ ነው። ሊዓን ደግሞ የባልየው ብቻ መብት ነው፤ ሳይዘገይ መፈጸም አለበት። ባልየው ከዘመቻ ተመልሶ ልጁን በስሙ ካሳደገው ነገሩ ያን ዕለት ተዘግቷል፤ የልጅ ልጆቹ ከመቶ ዓመት በኋላ ሊከፍቱት መብት የላቸውም።

6. ከሕንድ የሚገኝ ትምህርት

ተመሳሳይ ፈተና በእንግሊዝ ሥር በነበረችው ሕንድ ገጥሟል። በ1872 የወጣው የማስረጃ ሕግ አንቀጽ 112 በጋብቻ ዘመን የተወለደን፣ ወይም ጋብቻው ፈርሶ እናቲቱ ሳታገባ በ280 ቀን ውስጥ የተወለደን ልጅ፣ ባልና ሚስት ሊገናኙ አለመቻላቸው ካልተረጋገጠ በቀር፣ የባልየው ያደርገው ነበር። ይህ ከስድስት ወሩ ደንብ ጋር ይጋጭ ነበር፤ በሠርጉ ሳምንት የተወለደውን እንኳ ያጸና ነበርና።

በ1888 አላህባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንድ የውርስ ክርክር ላይ ከሳሽ የሟች ልጅ ነኝ ሲል፣ ተከሳሾች ሚስቱ ከጋብቻው በፊት የወለደችው ነው አሉ። የሰር ሰይድ አሕመድ ኻን ልጅ የሆኑት ዳኛ ሰይድ መሕሙድ በሰፊ ብይናቸው፣ ኢቅራር በኢስላም ሕግ ተራ የማስረጃ ዘዴ ሳይሆን ነሰብን በራሱ የሚያጸና መሠረታዊ ደንብ መሆኑን አብራሩ፤ የሚሠራውም አባትነት አጠራጣሪ ሲሆን እንጂ ልጁ የሌላ ሰው ወይም የዚና መሆኑ በተረጋገጠበት አይደለም። ሟቹ ልጁን ለብዙ ዓመታት እንደ ልጁ ተቀብሎት ስለነበርና ሌላ አባት ስላልተረጋገጠ ነሰቡ ጸና። የቅኝ ግዛት ፍርድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ፊቅህን በራሱ ቋንቋ ማናገር እንደሚቻል ይህ ብይን ያሳያል።

7. ለመምህራንና ለኢማሞች የቀረበ ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ጠያቂው ለምን እንደሚጠይቅ ይታወቅ። ያልተከፋፈለ ሚራስ ወይም የታሰበ ኒካሕ ካለ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ምንም መብት የማይነካ ከሆነ ዝምታና ሲትር ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ እናቲቱ በዚያ ጊዜ ባል ነበራት ወይ የሚለው ከሁሉ በፊት ይመርመር። ኒካሕ ከነበረ፣ ልጁም ከስድስት ወር በኋላ ከተወለደና ሊዓን ካልተደረገ፣ ምርመራው እዚያ ያበቃል።

ሦስተኛ፣ ኒካሕ ካልተገኘ ኢቅራር ይፈለግ። ኢቅራር የግድ በጣሊያን መዝገብ ላይ አይገኝም፤ በቃዲ መዝገብ፣ በኑዛዜ፣ በደብዳቤ፣ በቀለብ መላክ፣ በአደባባይ «ልጄ» ብሎ በመጥራት ሊገኝ ይችላል። ወንድሞች «ወንድማችን ነው» ቢሉ የሚነካው የተናጋሪዎቹን ድርሻ ነው፤ ነሰቡን በአባትየው ላይ ለማጽናት የወራሾች ሁሉ ቃል መስማማት አለበት።

አራተኛ፣ ሰነዶች እንደ ጸሐፊያቸው ይመዘኑ። የአስካሪ የአገልግሎት ደብተርና የጡረታ ወረቀት ባል የት እንደነበረ ይነግሩናል። የሚሲዮን መዝገብ ልጁ መቼ እንደገባ ይነግረናል፤ ስለ አባቱ ያለው ቃል ግን ከሌላ ምንጭ ጋር መመሳከር አለበት። የስም ሐረግም ከእናት ወገን ሐረግ ጋር ይነጻጸር፤ የልጁ «አባት» እና የእናቲቱ አባት አንድ ስም ከሆኑ ምክንያቱ ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ የዘረ መል ምርመራ ቦታውን ይወቅ። የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ ጉባኤ በ1422 ዓ.ሂ. (ጃንዋሪ 2002) መካ ላይ ባደረገው 16ኛ ስብሰባ፣ በሸሪዓ የጸናን ነሰብ ለማጣራት በምርመራው መጠቀም እንደማይፈቀድ፣ ሊዓንንም እንደማይተካ፣ ነሰቡ ባልታወቀ ሰው ላይ በሚነሣ ክርክርና በመሳሰሉት ግን እንደሚፈቀድ ወስኗል። ስለዚህ በአንድ የልጅ ልጅ ደም ውስጥ የአውሮፓ ዘር መገኘቱ የአያቱን ፊራሽ አያፈርስም።

ስድስተኛ፣ ኢማም ቃዲ አይደለም። በሀገራችን የነሰብና የውርስ ክርክር፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) በተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ወይም በክልል አቻዎቻቸው ይታያል። ኢማሙ ያስረዳል፣ ያስታርቃል፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚያዝ ይመክራል፤ ብይኑን ግን ለባለ ሥልጣኑ ይተዋል።

መደምደሚያ

በዚህ ሥራ ሁለት ከባባድ ኃጢአቶች በግራና በቀኝ ይጠብቁናል። አንዱ ቀዝፍ ነው። አራት ምስክር ሳይኖር የአንዲትን ሴት ክብር በዚና መንካት፣ ሴቲቱ ከሞተች ብዙ ዘመን ቢሆናትም፣ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፉቀሃኦች የሟችን ክብር የሚጠይቁ ወራሾች እንዳሉ ተናግረዋል። «ታሪክ ነው» ማለትም ከዚህ ተጠያቂነት አያድንም። ሌላው እያወቁ ከአባት ወደ ሌላ መጠጋት ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚህ በብርቱ አስጠንቅቀዋል። ለፓስፖርት ሲባል ያልነበረ ጣሊያናዊ አያት መፍጠርም ሆነ፣ ለክብር ሲባል ከዐረብ ሸሪፎች ሐረግ ላይ ስምን መቀጠል በዚሁ ሥር ይገባል።

በመካከል ያለው መንገድ ግን ሰፊ ነው። ኒካሕ ባለበት ለኒካሑ፣ ኢቅራር ባለበት ለኢቅራሩ እንፈርዳለን፤ ሁለቱም በሌሉበት ሰውየውን በእናቱ ነሰብ እናጸናለን፣ ሙስሊም ከሆነም በአንቀጹ ቃል መሠረት የሃይማኖት ወንድማችን ብለን እንቀበለዋለን። የቅኝ ገዥው መዝገብ «አባቱ ያልታወቀ» ብሎ የጻፈው ሕፃን በዚያ ወረቀት ላይ የታሰረበትን ስድብ ይዞ ወደ መስጊዳችን በር እንዲገባ ማድረግ የለብንም። ሕፃኑ ምንም አላጠፋም፤ እናቱም እንድትጠየቅ ከእኛ በኩል የቆመ ከሳሽ የለም። የእኛ ድርሻ ሐቁን ለባለ ሐቁ መመለስና ሽፋን የሚገባውን መሸፈን ነው።

ወላሁ አዕለም።